ቅናሹ ምን ይገዛል? የሕዝብ መሬትን በርካሽ ስለመሸጥ

ጥያቄው፦ «ከተማችን መሃል ለዓመታት ባዶ የቆየ ሰፊ የሕዝብ መሬት አለ። ገማቾች ያወጡለት ዋጋ 100 ነው ብንል፣ ምክር ቤቱ ለአንድ አልሚ በ15 ሊሸጠው ነው። ‹መሃል ከተማው እንዲነቃቃ ነው፤ የተውነውን ገንዘብ ግብሩ ይመልሰዋል› ይሉናል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው ወይስ የሕዝብ ሀብት ማደል? በሕዝብ ውይይቱ ላይስ ምን ብንጠይቅ ይሻላል?»

ምላሽ፦

አጭሩን ላስቀድም። መሬትን ከግምቱ በታች መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ከተማው በተወው 85 ምትክ ምን እንደሚቀበል ውሉ ላይ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ዓመታት የፈጀሁት በመሬት ግምትና በሽያጭ ውል ሥራ ላይ ነው። ያየኋቸው ስብሰባዎች አብዛኞቹ ስለ ዋጋው ሲከራከሩ ይመሹና ውሉን ማንም ሳያነበው እጅ ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ ከዋጋው ልጀምርና ወደ ውሉ እወስድዎታለሁ።

ምክር ቤቱ ሁለት ነገር በአንድ አፍ እየተናገረ ነው፤ «መሬቱ 100 ያወጣል» ይላል፣ «በ15 ካልሸጥነው ማንም አይሠራበትም» ይላል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። መሬት 100 ያወጣል ማለት 100 ከፍሎበት፣ ሠርቶበት፣ አትርፎ የሚወጣ ሰው አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ዋጋው 100 አይደለም። ካለ ደግሞ በ15 መሸጥ ለምን አስፈለገ? ይህን ቋጠሮ የሚፈቱ ምክንያቶች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ክርክሩ መጀመር ያለበት «የትኛው ነው?» ከሚለው ነው።

መሬት ዋጋውን የሚያገኘው በላዩ ላይ ከሚቆመው ነገር ነው። አልሚው በመጀመሪያ የሚያሰላው ይህን ነው፦ ሕንፃው አልቆ ቢሸጥ ወይም ቢከራይ 1000 ያወጣል እንበል። ግንባታው 720 ይፈጃል። ለንድፍ፣ ለፈቃድ፣ ለውሃና ለመብራት ዝርጋታ 90 ይወጣል። የባንክ ወለድ 60 ይሆናል። አልሚው ለድካሙና ለሚሸከመው ስጋት የሚጠብቀው ትርፍ 100 ነው። ሲደመር 970። የቀረችው 30 ለመሬቱ ሊከፈል የሚችለው ትልቁ ዋጋ ናት። ገማቹ 100 ያለው ምናልባት ገበያው በጋለበት ጊዜ ሁለት መንገድ አልፎ የተሸጠ ሌላ ቦታን አይቶ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ እውነተኛው ቅናሽ 85 ሳይሆን 15 ብቻ ነው። በሌላ በኩል የአልሚው ስሌት ሲገለጥ 100ም ከፍሎ እንደሚያዋጣው ካሳየ፣ 85ቱ በቀጥታ ወደ ኪሱ ይገባል፤ አንዲት ተጨማሪ ጡብ አይጨምርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን በ15?» ሳይሆን «ስሌቱን አሳዩን» ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት ጥቂት እናነቃንቀው። የግንባታ ወጪ 5 በመቶ ቢጨምር 720 ላይ 36 ይደመራል፤ የመሬቱ 30 ወርዶ ከዜሮ በታች 6 ይሆናል። ያኔ መሬቱ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ማንም አይሠራም። ኪራይ ተሻሽሎ የሕንፃው ዋጋ 5 በመቶ ቢያድግ ደግሞ 50 ይጨመራል፤ መሬቱ 80 ያወጣል። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ትንሽ ሲንቀሳቀስ የመሬቱ ዋጋ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ይወረወራል። ይህን የሚያውቅ ሰው መሬቱን በ15 ከገዛው በኋላ ምን ያደርጋል? ብልህ ከሆነ ይጠብቃል። ቢወርድ የሚያጣው 15 ነው፤ ቢወጣ የሚያገኘው 80 ወይም ከዚያ በላይ። ባለሀብቱን በክፋት መጠርጠር አያስፈልግም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠብቃለሁ። ርካሽ መሬት ግንባታን ከማርከሱ በፊት መጠበቅን ያረክሳል።

ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ዋጋ ቀንሶ መሸጥ ብቻውን ሕንፃ አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የመኪና ማቆሚያ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ደጋግሜ ለግምት ሄጄባቸዋለሁ፤ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ፣ በበርሜል ላይ የታሰረ ገመድ፣ በር ላይ የቆርቆሮ የጥበቃ ቤት፣ አጥሩ ላይ ፀሐይ ያነጣው የሕንፃ ሥዕል። ከመኪና ማቆሚያው የሚሰበሰበው ገንዘብ የጥበቃውን ደመወዝና የመሬቱን ግብር ይችላል፤ ባለቤቱም ያለ አንዳች ወጪ ዓመት ከዓመት ይጠብቃል። መሃል ከተማው ይነቃቃል ተብሎ የተሸጠው መሬት የመሃል ከተማው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ቋጠሮውን የሚፈታው የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው፦ 100 የሚከፍለው ሰው መቼ እንደሚሠራ ሳይገደድ የሚገዛ ሰው ነው። «አሁኑኑ ትሠራለህ» ሲባል የመጠበቅ መብቱን ያጣል፤ ስለዚህ የሚከፍለው ይቀንሳል። ይህ ሐቀኛ ቅናሽ ነው፤ ከተማው በተወው ገንዘብ ግዴታን ገዛ ማለት ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ግዴታው ውሉ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ማስፈጸሚያ ከሌለው፣ ከተማው ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን ሳይወስድ ከሱቅ ወጣ።

ሌሎቹ ምክንያቶች ከተማው ራሱ የሚጨምራቸው ሸክሞች ናቸው። ከቤቶቹ የተወሰኑት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በቅናሽ እንዲከራዩ፣ ምድር ቤቱ ለሕዝብ አደባባይ እንዲተው፣ የቆየው ሕንፃ ፊት እንዳይፈርስ፣ በቀድሞ ፋብሪካ የተበከለው አፈር እንዲጸዳ። እያንዳንዱ ሸክም ቁጥር አለው። አፈሩን ማጽዳት 20 የሚፈጅ ከሆነ 20 መቀነስ ተገቢ ነው። ሸክሞቹ ተዘርዝረው፣ ዋጋ ተሰጥቷቸው፣ ድምራቸው ከቅናሹ ጋር ካልተቀራረበ ግን «ለልማት ነው» የሚለው ቃል ሒሳብ አይሆንም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሐሳብ አይደለም። በርካሽ መሸጥን አንድ አገር በሙሉ ሞክሮታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው የቤቶች ሕግ፣ ከተሞች የተጎሳቆለ የተባለ ሰፈር ገዝተው ወይም አስለቅቀው፣ አፍርሰው፣ ለአልሚዎች ከገዙበት በታች እንዲሸጡ ተፈቀደ፤ ከኪሳራው ሁለት ሦስተኛውን የፌዴራል መንግሥቱ ይሸፍን ነበር። ሐሳቡ አሁን እርስዎ ከሚሰሙት አንድ ነው፤ መሬቱ ንጹሕና ርካሽ ከሆነ ገንዘብ ይመጣል። አንዳንድ ቦታ መጣ። ብዙ ቦታ ግን ማፍረሱ ፈጥኖ መሥራቱ ዘገየ። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሚል ክሪክ ቫሊ የተባለው ሰፈር ከ1959 ጀምሮ ሲፈርስ ወደ 20,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ተነሡ፤ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የተጠረገው ሜዳ ለዓመታት ባዶውን ከመቆየቱ የተነሣ የከተማው ሰው «የሂሮሺማ ሜዳ» ብሎ ጠራው። ፕሮግራሙ በ1974 በሌላ ተተካ። ከዚያ ዘመን የቀረውን ትምህርት በአንድ ነገር ላስረዳዎ፦ ኪሳራውን ሌላ ሰው ሲሸፍነው ሻጩ ገዢውን መመርመር ይተዋል።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ የኒው ለንደን ታሪክ አለ፤ በኮኔቲከት ግዛት ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ አጠገቡ የምርምር ማዕከል ሊሠራ ስለሆነ፣ ከተማዋ ፎርት ትራምቡል የተባለውን ሰፈር አስለቅቃ ለአልሚ በ99 ዓመት ሊዝ ልትሰጥ አቀደች። ኪራዩ በዓመት 1 ዶላር እንዲሆን ድርድር ላይ ነበር። ሱዜት ኬሎ የተባለች ነዋሪ ቤቴን አልለቅም ብላ ተከራከረች፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2005 ከተማዋ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አሸነፈች። ከዚያስ? አልሚው የግንባታ ብድር ማግኘት አልቻለም። ፋይዘር በ2009 ማዕከሉን ዘግቶ እንደሚሄድ አስታወቀ። ቤቶቹ የፈረሱበት መሬት ላይ ለዓመታት ሣር በቀለ። በዓመት 1 ዶላር! ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ቅናሽ ሊሰጥ ይችላል? ባንኩ ግን መሬቱ ረከሰ ብሎ አያበድርም፤ የሚያየው ሕንፃውን ማን እንደሚከራየው ነው።

ቺካጎም ከማዘጋጃ ቤቷ ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለ አንድ ሙሉ ብሎክ በ1989 አፍርሳ ለልማት አዘጋጅታ ነበር። የቢሮ ገበያው ወደቀ። ብሎክ 37 የተባለው ያ ቦታ ክረምት ክረምት የበረዶ መንሸራተቻ እየሆነ ቆይቶ፣ የገበያ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። በከተማው በጣም ውድ ሥፍራ ላይ 20 ዓመት።

አሁን ወደሚሠራው መንገድ ልምጣ፤ እኔ አብልጬ የማምነው የጀርመኗን የወደብ ከተማ የሐምቡርግን ነው። ከተማዋ የቀድሞ ወደቧን 157 ሄክታር መሬት ሃፈንሲቲ በሚል ስም ስታለማ መሬቱን ወዲያው አትሸጥም። መጀመሪያ ጨረታ ይወጣል፤ በብዙዎቹ ቦታዎች ከነጥቡ 70 በመቶው ለሐሳቡ ጥራት፣ 30 በመቶው ለዋጋው ይሰጣል። አሸናፊው የሚያገኘው የባለቤትነት ካርታ ሳይሆን ቦታው ለጊዜው ለእርሱ ብቻ ተይዞለት የመቆየት መብት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሱ ወጪ አፈሩን ያስመረምራል፣ የአርክቴክቶች ውድድር ያካሂዳል፣ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። ሽያጩ የሚጠናቀቀውና ክፍያው የሚፈጸመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካልተሳካለት ከተማዋ ቦታዋን ይዛ ሌላ ሰው ትጠራለች፤ ፍርድ ቤት መሄድ የለ፣ መሬት ማስመለስ የለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉን ይገለብጠዋል። ካርታው በከተማው እጅ እስካለ ድረስ የሚጣደፈው አልሚው ነው። ካርታው ከወጣ በኋላ የሚለምነው ከተማው ነው።

ይህም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። እዚያው ሃፈንሲቲ ጫፍ ላይ ኤልብታወር የተባለ 245 ሜትር ሊሆን የታቀደ ሕንፃ 100 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ፣ በ2023 አልሚው ድርጅት የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገብቶ ሥራው ቆመ። ከተማዋ መሬቱን መልሳ የመግዛት መብት በውሉ ነበራት። ነገር ግን ግማሽ የቆመ ኮንክሪት ያለበትን መሬት መልሶ መግዛት ባዶ መሬትን ከማስመለስ ጋር አንድ አይደለም፤ ማን ይጨርሰዋል? ማን ያፈርሰዋል? ስለዚህ የማስመለስ መብት ብቻውን አይበቃም፤ ከካርታው በፊት የግንባታው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ባንኩ ፈርሞ እንደሆነ፣ የሥራ ማጠናቀቂያ ዋስትና ተይዞ እንደሆነ መታየት አለበት።

«ለአንድ አልሚ» ያሉት ቃልም አሳስቦኛል። ሰፊ መሬት ለአንድ ሰው ሲሰጥ የመሃል ከተማው ዕጣ በአንድ ሰው የባንክ ሒሳብ ላይ ይንጠለጠላል። ኒውዮርክ ይህን በራሷ አይታዋለች። ባተሪ ፓርክ ሲቲ የተባለው ቦታ በሃድሰን ወንዝ ላይ አፈር ተሞልቶ የተፈጠረ ወደ 37 ሄክታር የሚሆን የሕዝብ መሬት ነው፤ የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን በ1968 ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዕቅድ ግዙፍና የተሳሰረ ስለነበረ ለዓመታት አልተንቀሳቀሰም፤ ባዶ አሸዋ ሆኖ ቆየ። በ1979 አሌክሳንደር ኩፐርና ስታንተን ኤክስተት አዲስ ንድፍ አወጡ። ያደረጉት ትልቅ ነገር የከተማዋን መንገዶች ወደ ውስጥ ማስቀጠልና መሬቱን በየብሎኩ መቆራረጥ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻው ለተለያየ አልሚ በረጅም ሊዝ ተሰጠ። አንዱ ቢወድቅ ጎረቤቱ ይቆማል። መሬቱ ዛሬም የሕዝብ ነው፤ ኪራዩም ይገባል። በጀርመን ቱቢንገን ከተማም በ1990ዎቹ የፈረንሳይ ጦር የለቀቀውን ሰፈር በትንንሽ ቁራጭ፣ በተወሰነ ዋጋ፣ ምርጡን ሐሳብ ላቀረበ ሸጣለች፤ ብዙዎቹ ገዢዎች ተሰባስበው ለራሳቸው የሚሠሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ለራሱ መኖሪያ የሚሠራ ሰው መሬት አስቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም።

በዚህ አጋጣሚ «በርካሽ መስጠት» መልካም የሠራበትን ጉዳይ ላንሳ። የአሜሪካዋ ባልቲሞር በ1970ዎቹ የወረሰቻቸውን ባዶ ቤቶች በ1 ዶላር ሸጣለች፤ የእንግሊዟ ሊቨርፑልም ከ2013 ጀምሮ በ1 ፓውንድ። ዋጋው ለወግ ያህል ነው። ሥራውን የሠራው ከዋጋው ጀርባ ያለው ግዴታ ነው፤ ቤቱን በተወሰነ ጊዜ አድሰህ ትገባለህ፣ ትኖርበታለህ፤ በሊቨርፑል ቢያንስ 5 ዓመት። ባልቲሞር ደግሞ ለእድሳቱ በዝቅተኛ ወለድ አበድራለች፤ ሰው የቸገረው የቤቱ መግዣ ሳይሆን የማደሻው ገንዘብ መሆኑ ገብቷት ነበር። እርስዎም ይህን ይጠይቁ፤ አልሚውን የያዘው የመሬቱ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ? ከላይ ባሰላነው ሒሳብ መሬቱ ከጠቅላላው ወጪ ትንሿ ናት። የቸገረው ብድር ከሆነ መሬቱን ማርከስ ለራስ ምታት የእግር ቅባት መስጠት ነው።

ለማገዝ ከተፈለገ ዋጋውን ሳይነኩ የክፍያ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል። ሲንጋፖር በ1967 የመንግሥት መሬትን ለአልሚዎች መሸጥ ስትጀምር ለገዢዎቹ ክፍያውን በዓመታት ከፋፍላላቸዋለች። ጨረታው ግልጽ ነው፤ በአብዛኛው ሊዙ 99 ዓመት ነው፤ ግንባታው የሚያልቅበት ቀን ከመጀመሪያው ተወስኖ ይሸጣል። አልሚው በጭንቀቱ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከተማውም ዋጋውን አያጣም፤ ሊዙ ሲያልቅ ደግሞ መሬቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ውሉ። የምለምንዎ ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡት ነው፤ የሕዝብ መሬት የሚጠፋው እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የተሰጠኝ ውል «ገዢው በ24 ወር ውስጥ ግንባታ ይጀምራል፤ ካልጀመረ መሬቱ ይመለሳል» ይላል። ጥሩ ነው አልኩ። ቦታውን ሳየው አጥር ታጥሮ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰው በማይሞላ ጥልቀት ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ አቁሯል። ኤክስካቫተሩ ሁለት ቀን ሠርቶ ሄዷል። «ግንባታ መጀመር» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ውሉ ውስጥ ትርጓሜ ስላልነበረው ያ ጉድጓድ ግንባታ ሆኖ ተቆጠረ። የመሬቱ ሻጭ ምንም ማድረግ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ውል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምከፍተው የትርጓሜውን አንቀጽ ነው። ግዴታው መጀመር ሳይሆን ማጠናቀቅ መሆን አለበት፤ በየደረጃውም ሊለካ ይገባል፤ መሠረቱ እስከዚህ ቀን፣ አጽሙ እስከዚያ ቀን፣ ሕንፃው አልቆ ሰው የሚገባበት ፈቃድ እስከዚያኛው። «ጥረት ያደርጋል»፣ «በሚቻለው ሁሉ» የሚሉ ሐረጎች ካሉ ግዴታ የለም ብለው ይቁጠሩት።

ሁለተኛው ወጥመድ ባንኩ ነው። አልሚው መሬቱን አስይዞ ይበደራል። ከከሰረ ባንኩ መሬቱን ይወስዳል፤ የከተማው የማስመለስ መብት ከባንኩ መያዣ በኋላ የተመዘገበ ከሆነ ከተማው ከወረፋው ጀርባ ነው። በ15 የተሸጠው መሬት በ60 መያዣ ሆኖ፣ ብድሩ ሌላ ከተማ ላለ ሌላ ሥራ ሲውል አይቻለሁ። ስለዚህ መያዣው ለዚሁ ሕንፃ ግንባታ ብቻ እንዲውል፣ የከተማውም መብት ከሁሉ ቀድሞ እንዲመዘገብ መጻፍ አለበት። ባንኮች ይህን አይወዱትም፤ ይደራደራሉ። ድርድሩም ሊገባ የሚችለው አንድ ጊዜ፣ ከመፈረሙ በፊት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ውሉ «መሬቱን ሳይገነባ ለሌላ አይሸጥም» ቢልም፣ መሬቱ የተገዛው ለዚህ ብሎ በተቋቋመ ድርጅት ስም ከሆነ ባለቤቱ መሬቱን ሳይነካ የድርጅቱን አክሲዮን ይሸጣል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም አይለወጥም፤ ትርፉ ግን ተወሰደ። የአክሲዮን ዝውውርም እንደ መሬት ሽያጭ እንዲቆጠር መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚህ ጋር፣ ቦታው በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ከተገመተው በላይ ካተረፈ ከተማው ከትርፉ ድርሻ እንዲያገኝ የሚያደርግ አንቀጽ ይጠይቁ። አልሚው «ሥራው አያዋጣም፣ ቅናሽ ስጡኝ» ብሎ ከሆነ የገዛው፣ ባዋጣ ጊዜ ማካፈሉ ቅር ሊያሰኘው አይገባም።

«ግብሩ ይመልሰዋል» ለሚለው የምክር ቤቱን ቁጥር እንዳለ እንውሰድ። ቅናሹ 85፣ ከአዲሱ ሕንፃ የሚጠበቀው ግብር በዓመት 6 ነው እንበል። 14 ዓመት ገደማ ይመስላል። ግን ሕንፃው ውስጥ የሚገቡት ተከራዮች ከየት ይመጣሉ? ግማሾቹ እዚያው ከተማ ከሌላ መንገድ ከተነሡ የለቀቁት ሕንፃ ኪራይ ይወርዳል፣ ግብሩም ይቀንሳል፤ የተጣራው 3 ይሆናል። ለመንገድ፣ ለቆሻሻ፣ ለእሳት አደጋ ከተማው 1 ቢያወጣ 2 ይቀራል። 85 በ5 በመቶ ወለድ ብቻ በዓመት 4.25 ያስገኛል። 2 ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፤ ዋናው መቼም አይመለስም። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ከርካሽ መሬት ጋር የግብር እፎይታ አብሮ ይሰጣል፤ ያኔ «ይመልሰዋል» የተባለው ግብር ራሱ የለም። የሕንፃው መምጣት ለመሃል ከተማው የሚሰጠው ሌላ ጥቅም ሊኖር ይችላል፤ በጨለመ መንገድ ላይ መብራት ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ጥቅም በግብር ስም ሊቆጠር አይገባም።

ሕግ ያለበት አገር ይህን ለባለሥልጣናት መልካም ፈቃድ አይተወውም። በእንግሊዝ የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ምክር ቤቶች መሬት ሲሸጡ ሊገኝ የሚችለውን የተሻለ ዋጋ እንዲያገኙ ያስገድዳል፤ በ2003 በወጣ ፈቃድ ደግሞ ለአካባቢው ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊ ወይም ተፈጥሯዊ ደኅንነት የሚጠቅም ከሆነ እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ድረስ ከዋጋው በታች መሸጥ ይችላሉ። ከዚያ ካለፈ የሚኒስትር ፈቃድ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት የሕዝብ መሬትን ከገበያ በታች ለድርጅት መሸጥ የመንግሥት ድጎማ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ ከዚህ የሚያድነው ግልጽ ጨረታ ወይም አስቀድሞ የተሠራ ገለልተኛ ግምት ነው። የእርስዎ ከተማ ሕግ ምንም ይበል ምን፣ ቅናሹ ድጎማ ተብሎ በበጀት ውስጥ በቁጥር እንዲሰፍር መጠየቅ ይችላሉ። 85 በጥሬ ገንዘብ ለአንድ ድርጅት ይሰጥ ቢባል ምክር ቤቱ ስንት ሰዓት ይከራከርበት ነበር? በመሬት ሲሰጥ ለምን በአንድ ምሽት ያልፋል?

በውይይቱ ላይ ጊዜ የሚሰጥዎ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ስለ ፍትሕ ንግግር አያድርጉ። ጥያቄዎን በጽሑፍ አስቀድመው ያስገቡና በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ ያድርጉ። የገለልተኛ ገማች ግምትና የአልሚው ስሌት ለሕዝብ ይቅረብ። ሌሎች አልሚዎች በተመሳሳይ ሁኔታ፣ በተመሳሳይ ቅናሽ እንዲወዳደሩ ተጠርተው ነበር? ካልተጠሩ 15 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ሌላው ያንኑ ሸክም ተሸክሞ 25 ይከፍል ነበር። መሬቱ ተቆራርጦ የማይሸጠው ለምንድን ነው? ካርታው ከግንባታ ፈቃዱና ከባንኩ ፊርማ በኋላ ለምን አይሰጥም?

«አልሚው እንዲህ ከጠየቃችሁት ይሸሻል» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። ያኔ እንዲህ ይበሏቸው፦ ሊሠራ የመጣ አልሚ ካልሠራ መሬቱ እንዲመለስ መፈረም ምንም አያስወጣውም። የሚያስወጣው ለመጠበቅ የመጣውን ነው። በድርድር ያየኋቸው እውነተኛ ገንቢዎች የሚከራከሩት ስለ ቀኑ ነው፤ 24 ወር አይበቃም፣ 30 ይሁን ይላሉ፤ ፈቃዱን የሚያዘገየው ማዘጋጃ ቤቱ ከሆነ ጊዜው ይጨመርልን ይላሉ። ሁለቱም ተገቢ ነው፤ ይስጧቸው። አንቀጹ ጨርሶ ይውጣ የሚለውን ግን እንዳይሰሙት።

የውሉን ረቂቅ ከስብሰባው በፊት ማግኘት መብትዎ እንደሆነ ይጠይቁ። ካገኙት ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ባይኖርዎ እንኳ የትርጓሜውን፣ የመያዣውንና የውል ማፍረሻውን አንቀጾች ያንብቡ፤ ጠበቃ ካለዎ እነዚያን ሦስቱን ብቻ ያሳዩት።